«ረን»ን በ645 ማስፈራራት፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሐዋሳ እንግሊዝኛ በሚማሩ ወጣቶች ዘንድ፣ በተለይም ለሆቴል መስተንግዶና ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ በሚዘጋጁት መካከል፣ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ይነበባል። የሚያወራው ሁላችንም በልጅነታችን «መሮጥ» ብለን ስለተማርነው «ረን» ስለተባለው የእንግሊዝኛ ግስ ነው። ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ቃሉ 645 ትርጉም አለው፤ እውነተኛው ትርጉሙ በእግር መሮጥ ሲሆን ሌላው ሁሉ መላ ቅጥ የሌለው ጥርቅም ነው፤ አማርኛ ግን አንድ ቃል አንድ ትርጉም የያዘበት የጠራ ቋንቋ ነው፤ ከግሱ በኋላ የምትመጣዋን ትንሽ ቃል ለብቻዋ ተርጉሞ መደመር ምስጢሩን ይፈታል፤ በቀን ዐሥር ትርጉም የሸመደደ በ65 ቀን ይገላገላል፤ ይህን ያልቻለ ስልኩን ይጠይቅ። ከነዚህ ውስጥ ግማሽ እውነት ያለበት አለ፣ ተማሪን ገደል የሚከትም አለ።

ከዚህ በታች የአሁኑን ጊዜ «ረን»፣ ያለፈውን «ራን» ብለን እንጽፋለን። ብዙ ሰው ሁለቱንም «ራን» እያለ ነው የሚጽፈው። ለምን እንደለየናቸው ኋላ ይታያል።

ቁጥሩ ከሜዳ የታፈሰ አይደለም። የኦክስፎርድ ትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለሦስተኛ እትም ሲከለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ለዚህ ግስ 645 የትርጉም ክፍሎች መመዝገባቸው ተነግሯል። ከዚያ በፊት ክብረ ወሰኑ «ሴት» የሚባለው፣ ማስቀመጥም ማስተካከልም መጥለቅም የሚሆነው ግስ ነበር፤ በ1989ኙ ሁለተኛ እትም ለእሱ ብቻ 60,000 ያህል ቃላት የፈጀ ማብራሪያ ተጽፎለታል። ክለሳው የተጀመረው ከኤም ፊደል በመሆኑ በ2000 «ሜክ»፣ በ2007 «ፑት» ቀደሙት፤ ከዚያ «ረን» ሁሉንም አስከተለ። እስከዚህ ድረስ ጽሑፉ ትክክል ነው።

ያልተናገረው መዝገቡ ለምን እንደተዘጋጀ ነው። ይህ መዝገብ የታሪክ መዝገብ ነው፤ አንድ ቃል ከሺህ ዓመት ወዲህ የዋለበትን ሁሉ ይይዛል። ትርጉም ቢሞት አይሰረዝም፣ «ያረጀ» የሚል ምልክት ተደርጎበት ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። የመርከበኛውም፣ የአዳኙም፣ የክሪኬት ተጫዋቹም አነጋገር እዚያው አለ። በዚያ ላይ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሥራው መሰንጠቅ ነው፤ ለተማሪ አንድ የሆነውን እሱ ስውር ልዩነት ባየ ቁጥር ለሁለት ለሦስት ይከፍለዋል። ለውጭ አገር ተማሪ ተብለው የሚዘጋጁት መዝገበ ቃላት ግን ያረጀውን ትተው፣ ዛሬ የሚሰማውን ብቻ በአጫጭር ርዕስ (ስለ ማሽን፣ ስለ ፈሳሽ፣ ስለ ቀለም፣ ስለ አውቶቡስ እያሉ) ከፋፍለው ያቀርባሉ። የመጀመሪያውን ዓይነት መዝገብ ቁጥር አምጥቶ «ይህን ያህል ልትማሩ ነው» ማለት፣ የአገሪቱን የመንገድ ርዝመት ደምሮ ከፒያሳ አሞራ ገደል ለሚሄድ ሰው እንደ መንገር ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፦ «ከእግር ሩጫ በቀር ሌላው ጥርቅም ነው» ወደሚለው። ስሕተቱ መነሻው ላይ ነው፤ የቃሉ እምብርት እግር አይደለም። እምብርቱ ሳያቋርጡ በአንድ መስመር መሄድ ነው፤ እግር ከሂያጆቹ አንዱ ብቻ ነው። ጥንታዊው የእንግሊዝኛ ግስ ለሰውም ለውሃም ያገለግል ነበር። ዘመዱ ጀርመንኛ ዛሬ ሁለቱን ለይቶ ለመሮጥ «ሬነን»፣ ለመፍሰስ «ሪነን» ይላል፤ እንግሊዝኛ ግን በአንድ ቃል ቀረ። ስለዚህ «ጥቁር ውሃ ረንዝ ኢንቱ ዘ ሌክ» ሲባል ወንዙ እንደ ሰው ሮጠ ተብሎ መቀኘት አይደለም፣ ወንዙ ሐይቁ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ተናጋሪው ምንም ዘይቤ የተጠቀመ አይመስለውም።

ከዚህ እምብርት ተነሥተን «ማን ነው የሚሄደው?» ብለን ብንጠይቅ ጥርቅሙ መልክ ይይዛል። ውሃ ከሆነ ይፈስሳል፤ አፍንጫም እንደዚሁ። ቀለም ከሆነ ይለቃል፦ ቀይ ነጠላ ከነጭ ጋር ታጥቦ ነጩን ሲያበላሸው «ዘ ካለር ራን» ይባላል። አውቶቡስ ከሆነ በመስመሩ ይመላለሳል። መንገድ ከሆነ ራሱ ባይንቀሳቀስም ዓይናችን ተከትሎት ይሄዳል፤ ከሻሸመኔ በሐዋሳ አድርጎ ወደ ዲላ የሚዘልቀው አስፋልት «ረንዝ» ነው። ውል ወይም ኮርስ ከሆነ እስከ ተባለው ቀን ይቆያል። ማሽን ከሆነ ይሠራል፤ የስልክና የኮምፒውተር ፕሮግራምም እዚሁ ይመደባል።

ቀጥሎ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ ከግሱ በኋላ ተሳቢ አለ ወይ? ለዚህ ከሐዋሳ የተሻለ ምሳሌ የሚገኝበት ከተማ ያለ አይመስለንም። «ኃይሌ ራን ኢን አትላንታ» ሲባል ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1996 ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር መሮጡ ነው። «ኃይሌ ረንዝ ኤ ሆቴል ኢን ሐዋሳ» ሲባል ግን ሐይቁ ዳር ያለውን ሆቴል ያስተዳድራል ማለት ነው። ሰውየው አንድ፣ ግሱ አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሠራው «ኤ ሆቴል» የሚለው ተሳቢ ነው። ተሳቢ ሲመጣ ግሱ «አስኬደ» ወደሚለው ይዞራል፦ ማሽን ማስኬድ ማንቀሳቀስ፣ ድርጅት ማስኬድ ማስተዳደር፣ ቧንቧ ማስኬድ ውሃ መክፈት ነው። እኛም እኮ «ሥራውን እሱ ነው የሚያስኬደው» እንላለን። ጽሑፉ «ሆቴልን ከሩጫ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ያሾፈበት ቦታ፣ በገዛ ቋንቋችን የተለመደ መንገድ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከግሱ ቀጥሎ ቅጽል መኖሩ ነው። «ረን ድራይ» ደረቀ፣ «ረን ሎው» እያነሰ ሄደ፣ «ረን ሾርት» አነሰ፣ «ረን ሌት» ዘገየ። እዚህ ግሱ «ሆነ» ማለት ብቻ ነው፤ ትርጉሙን የተሸከመው ቅጽሉ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት የጎደለ፣ ያለቀ፣ ከልክ የወጣ ነገር የሚናገሩ ቅጽሎች ናቸው። «ረን ሃፒ» ብሎ ደስ አለኝ ማለት አይቻልም።

ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ነገር ግን በእነዚህ ጥያቄዎች አይገኝም፣ እንዲሁ ይያዝ። አሜሪካ ውስጥ ዕጩ «ረን» ያደርጋል፣ እንግሊዝ ውስጥ «ስታንድ»፤ አንዱ ሲሮጥ አንዱ ይቆማል፣ ሁለቱም ድምፅ ፍለጋ ነው።

«አማርኛ አንድ ቃል፣ አንድ ትርጉም ነው» ለሚለው ብዙ ቀለም ማባከን አያስፈልግም። ምሳውን በላ። የማኅበሩን ገንዘብ በላ። ቆርቆሮውን ዝገት በላው። ጀርባዬን በላኝ። ይህች መኪና ቤንዚን ትበላለች። በዳማ ጨዋታ ደግሞ ጠጠር ይበላል። «ጣለ»ን ውሰዱ፦ ዝናብ ጣለ፣ ዶሮዋ ጣለች፣ እቁብ ጣለ፣ ድንኳን ጣለ፣ ዕጣ ጣለ፣ ቦርሳውን ጣለ። «ቆረጠ»ም ትኬት ይቆርጣል፣ ዋጋ ይቆርጣል፣ ተስፋ ይቆርጣል፣ ሆድ ሲቆርጥ ደግሞ ሕመም ነው። አማርኛ ተናጋሪ ጀርባው ሲበላው ማን ነከሰኝ ብሎ አይዞርም፤ «ጀርባዬን» የሚለው ቃል አስቀድሞ ነግሮታል። በእንግሊዝኛም የሚሆነው ይኸው ነው። ይህን ችሎታ ተማሪው ከቤቱ ይዞት መጥቷል፤ ጽሑፉ ግን የለህም ብሎ ነው የሚጀምረው። ደግሞም ሐዋሳ ውስጥ አፉን በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ የፈታ ተማሪ ብዙ ነው። ለእሱ በአማርኛ የተሰለፈ የትርጉም ዝርዝር ሁለት ጊዜ የተተረጎመ ነገር ነው፤ «ለቀቀ»፣ «ያዘ»፣ «ዘለቀ» እያለ የሚወርደው ዝርዝር ራሱ ሌላ ማብራሪያ ይፈልጋል።

አሁን ጉዳት ወደሚያደርሰው ምክር እንምጣ። ጽሑፉ «አውት ውጭ ነው፣ ኢንቱ ወደ ውስጥ ነው፣ ኦቨር በላይ ነው፤ ከመሮጥ ጋር ደምሩት» ይላል። በዚህ ስሌት «ዊ ራን አውት ኦቭ ትሬድ» ከክር ወደ ውጭ ሮጥን ይሆናል። እውነቱ ክር አለቀብን ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪን የሚያደናቅፈው ትርጉሙ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጭምር ነው። በአማርኛ የሚያልቀው ክሩ ነው፤ እኛ በ«ብን» ላይ ተንጠልጥለን እንቀራለን። በእንግሊዝኛ ሁለት መንገድ አለ። ክሩ ባለቤት ከሆነ «ዘ ትሬድ ራን አውት» ተብሎ እዚያው ያበቃል፤ ሰውየው አይጨመርም። ሰው ባለቤት ከሆነ «ዊ ራን አውት ኦቭ ትሬድ» ይባላል፤ «ኦቭ» ግዴታ ናት። ሁለት ስሕተቶች በየፈተናው ይደጋገማሉ። አንደኛው «ኦቭ»ን መዋጥ ነው፦ «ዊ ራን አውት ትሬድ»። ሁለተኛው «አለቀብን»ን እንዳለ ማሻገር ነው፦ «ዘ ትሬድ ራን አውት ኦቭ አስ»። ይኸኛው እንግሊዝኛ ሰሚውን ክሩ ከሰውነታችን ፈስሶ የወጣ ያስመስለዋል። ማረሚያው ቀላል ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመራችን በፊት ባለቤቱን መምረጥ፣ ሰው ከመረጥን «አውት ኦቭ»ን እንደ አንድ ቃል መያዝ።

«ረን ኢንቱ»ን ደግሞ ከኋላው የሚመጣው ስም ይፈታዋል። ሰው ከመጣ በድንገት ተገናኘው፣ ግድግዳ ከመጣ ተጋጨ፣ ችግር ከመጣ ገጠመው፣ ሚሊዮን ከመጣ ያን ያህል ደረሰ። «ረን ኦቨር» ላይ መኪና ሰው ሲገጨው፣ ስብሰባ ከሰዓቱ ሲያልፍ፣ ተማሪ ማስታወሻውን ቶሎ ቶሎ ሲያይ፣ ሦስቱም አሉ። «ረን ዳውን» ባትሪ ላይ ሲሆን ደከመ፣ ቤት ላይ ሲሆን አረጀ፣ ሰው ላይ ሲሆን አጣጣለ። አንድም ቦታ «ዳውን ታች ነው» ብሎ መደመር አላዋጣም።

ፋብሪካ ውስጥ ነገሩ ከፈተና ነጥብ ያልፋል። የልብስ ስፌት መስመር ላይ ተቆጣጣሪው በአንድ ጠዋት ይህን ሁሉ ሊል ይችላል፦ «ላይን ስሪ ኢዝ ኖት ረኒንግ»፣ መስመር ሦስት ቆሟል። «ዊ አር ረኒንግ ሎው ኦን ትሬድ»፣ ክር ሊያልቅብን ነው። «ዊ ሃቭ ኤ ስሞል ረን ቱዴይ»፣ ዛሬ የሚመረተው ጥቂት ነው፤ እዚህ ቃሉ ስም ሆኖ በአንድ ዙር የሚወጣውን የምርት መጠን ይናገራል። «ዘ ስቲች ኢዝ ረኒንግ ኦፍ»፣ ስፌቱ ከጨርቁ ጠርዝ እየወጣ ነው። የመጨረሻውን ልብ በሉ። ስፌት ከጠርዝ የሚወጣው ሁለቱ የጨርቅ ጠርዞች ሳይገጥሙ ከመርፌው ሥር ሲገቡ፣ ጨርቁን የሚመራው ማገጃ ከቦታው ሲንሸራተት ወይም ሠራተኛዋ ኩርባ ላይ ፍጥነት ሳትቀንስ ስትቀር ነው። «ረን»ን እንደ ጽሑፉ «ሩጫ» ብላ የያዘች ሠራተኛ «ፍጠኚ» የተባለች መስሏት ፔዳሉን ትረግጣለች፤ ጥፋቱ ይብሳል፣ ልብሱ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል። ሆቴል ውስጥም እንግዳው «ዘር ኢዝ ኖ ረኒንግ ዋተር» ሲል የሚያወራው ስለ ወንዝ አይደለም። ክፍሉ የቧንቧ ውሃ የለውም፤ የታሸገ ውሃ ይዞ መሄድ መልስ አይሆንም።

ዐሥር ትርጉም በቀን፣ 65 ቀን። ስሌቱ ልክ ነው፣ ዘዴው አይሠራም። የሚመሳሰሉ ነገሮች በአንድ ቀን በተርታ ሲሸመደዱ አንዱ ሌላውን ያደበዝዘዋል፤ «ረን ኢንቱ»፣ «ረን ኦቨር»፣ «ረን ዳውን» አንድ ገጽ ላይ ተደርድረው የተጠኑ እንደሆነ በሳምንቱ የቱ የቱ እንደነበር ይጠፋል። በዚያ ላይ ዝርዝሩ የሚሰጠው ቃል በቃል ነው፦ «ረን፣ አስተዳደረ»። ምን ዓይነት ባለቤት፣ ምን ዓይነት ተሳቢ እንደሚፈልግ ስለማይናገር፣ ተማሪው ነገ «አይ ረን ማይ ችልድረን» ብሎ ልጆቼን አስተዳድራለሁ ያለ ይመስለዋል። ድርጅት፣ ሱቅ፣ ኮርስ፣ ውድድር ማስኬድ ይቻላል፤ ልጅ ግን አይቻልም።

እኛ የምናሳየው አካሄድ ይህ ነው። ደብተሩን በአራት ዓምድ ክፈሉት፦ ባለቤት፣ ግሱ ከነትንሿ ቃል፣ ከኋላው የመጣው፣ የሙሉው ዓረፍተ ነገር አማርኛ። የቃሉን ትርጉም ለብቻ አትጻፉ፤ ለዚያ ዓምድ የለም። በቀን ከሁለት በላይ አዲስ ዓረፍተ ነገር አታስገቡ፣ ሁለቱም ከተለያየ ቅርንጫፍ ይሁኑ፦ አንዱ የማሽን ከሆነ ሌላው የፈሳሽ። ከዚያ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ አዟዙሩት፤ «ዘ ትሬድ ራን አውት» ካላችሁ ክሩን በነዳጅ፣ በወረቀት፣ በጊዜ ተኩት። ሲተካ የሚያስቅ ዓረፍተ ነገር ከመጣ የቅርንጫፉ ድንበር እዚያ ነው፤ ከጎኑ የስሕተት ምልክት አድርጋችሁ አቆዩት፣ ከትክክለኛው ይልቅ እሱ ያስተምራል። በማግሥቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ አማርኛውን ብቻ እያያችሁ እንግሊዝኛውን አውጡ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መሄድ ያወቁ ያስመስላል እንጂ አፍ አይፈታም።

ከየት እንደሚጀመር ሥራችሁ ይወስናል። ሆቴል የምትገቡ የውሃውን፣ «ረን አውት ኦቭ»ን፣ «ረን ሌት»ንና የአውቶቡሱን አስቀድሙ። ስፌት የምትገቡ የማሽኑን፣ «ረን ሎው»ን፣ «ረን ኦፍ»ንና የቀለሙን። ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ትንንሾቹን ቃላት አያሳልፍ። የመርከበኛውን ማንም አይፈልገውም።

ስለ ስልኩ፦ አንዲት ቃል ጽፎ ትርጉም የጠየቀ «ሮጠ» ቢሰጠው የስልኩ ጥፋት አይደለም፣ በዙሪያዋ ያሉትን ቃላት ቆርጦ ያስቀረው ጠያቂው ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉለት፣ የመጣውን አማርኛ መልሳችሁ ወደ እንግሊዝኛ አስገቡት፤ ሌላ ነገር ሆኖ ከተመለሰ አትመኑት። ወረቀት ለሚወድ ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት አለ። ቃላትን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ የሚተረጉም በመሆኑ፣ ዕድሜው ቢገፋም ለእንዲህ ዓይነቱ ግስ ከብዙ ዝርዝር ይሻላል።

የቀረው ጽሑፉ በምሳሌ የሰጠው ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ዊ ሃቭ ራን አውት ኦቭ ታይም»። ስሕተት ነው። ግሱ የሚረባው ረን፣ ራን፣ ረን እያለ ነው፤ ከ«ሃቭ» በኋላ ሦስተኛው፣ ከመጀመሪያው ጋር አንድ የሆነው ይገባል፦ «ዊ ሃቭ ረን አውት ኦቭ ታይም»። ስሕተቱ የሚመጣው አሁኑንም ያለፈውንም አንድ አድርገን ስለምንጠራ ነው። «ረን» ሲባል አፍ በመጠኑ ይከፈታል፣ ምላስ መሐል ላይ ታርፋለች፤ ከግዕዙ «ረ» ብዙ አይርቅም። «ራን» ሲባል መንገጭላ ወረድ ይላል፣ ምላስ ወደ ፊት ትመጣለች፣ ከንፈር ወደ ጎን ይሳባል፤ ድምፁ በ«ሬ» እና በ«ራ» መካከል ነው። ፊደላችን ለዚህ ድምፅ ቤት ስለሌለው «ራን» ብለን ጻፍነው እንጂ ጥርት ያለ «ራ» አይደለም። ለመለማመድ «ቱዴይ ዊ ረን፣ የስተርዴይ ዊ ራን» እያሉ ማፈራረቅ ይበቃል። «ረኒንግ» ሲጻፍ ደግሞ ኤን ፊደል ሁለት ጊዜ ነው የሚገባው፤ ጽሑፉ በአንድ አስቀርቶታል።